ከግዢ በፊት ቆጠራ፦ የተማሪዎች የሮቦቲክስ ቡድን የዕቃና የበጀት አያያዝ

ክቡራን መምህራን፣ የቡድን አስተባባሪዎች፣ እንዲሁም ጉዳዩ ከሁላችን በላይ የሚመለከታችሁ ተማሪዎች፣

ስለ ሮቦቲክስ በሚደረጉ ንግግሮች ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የፕሮግራም አጻጻፍ፣ የሴንሰር አጠቃቀም ወይም የውድድር ስልት ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ካርቶን፣ ስለ ደረሰኝና ስለ ብሎን ነው። ርእሱ እንደማያጓጓ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የተማሪዎችን ቡድን ባማከርሁባቸው ዓመታት፣ ሮቦት በፕሮግራም ስሕተት ከውድድር ሲቀር ካየሁበት ጊዜ ይልቅ አንዲት ማገናኛ ታጥታ ቆሞ ሲቀር ያየሁበት ጊዜ ይበልጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጀሁት የቡድን በጀት ለዓይን የሚያምር ነበር። የሻሲው አልሙኒየም፣ ሞተሮቹ፣ ዋናው ቦርድ፣ ሴንሰሮቹና ባትሪው ከነዋጋቸው በየረድፋቸው ተቀምጠው፣ ድምራቸው ከተፈቀደልን ገንዘብ ጥቂት ዝቅ ይል ነበር። በሠንጠረዡ ላይ ያልሰፈረው ግን ባትሪውን የሚሞላው ቻርጀር፣ ባትሪውን ከሞተር መቆጣጠሪያው ጋር የሚያገናኘው መሰኪያ፣ የማጓጓዣው ክፍያ፣ ቀረጡ፣ ሽቦው፣ ፊውዙ፣ ስታኞው፣ ብሎንና ዳዶው፣ የሚሰበረውን የሚተካውም መለዋወጫ ነበር። ገንዘባችን ሥራው ሳይጋመስ አለቀ። የባሰው የመጣው በዓመቱ መጨረሻ ነው፤ መጋዘን ብለን የምንጠራውን ቁም ሣጥን ስናጸዳ፣ ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የገዟቸው፣ ከማሸጊያቸው እንኳ ያልወጡ አራት የሞተር መቆጣጠሪያዎች ከታችኛው መደርደሪያ ካርቶን ውስጥ ተገኙ። እኛ በዚያው ዓመት ሦስት ገዝተን ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቡድኖችን አይቻለሁ፤ አብዛኛው ገንዘብ የሚፈስሰው በዚሁ ቀዳዳ፣ ማለትም ያለንን ባለማወቅ እንደሆነ ተረድቻለሁ። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ቆጠራ ከበጀት ይቀድማል፣ በጀትም ከተጻፈ በኋላ በቆጠራ ይኖራል።

ቆጠራ ስል ዕቃውን አይቶ ቁጥር መጻፍን አይደለም። «ሰርቮ ሞተር፣ 9» ብሎ የሚያልፍ መዝገብ ከዘጠኙ ውስጥ የስንቱ ጥርስ እንደተበላ ስለማይናገር፣ ጨርሶ መዝገብ ከሌለው ቡድን ይልቅ ባለቤቱን ያሳስታል። እኛ ዕቃውን ሁሉ በሦስት ክምር እንለያለን፤ ሠርቶ የታየ፣ ያልተፈተነ፣ የሞተ። ሰርቮው፣ ማለትም በታዘዘው ማዕዘን ልክ የሚዞረው ሞተር፣ ከዳር እስከ ዳር ሳይንገጫገጭ ከዞረ፣ ሞተሩ ያለ ጭነት ሲዞር የሚስበው ከረንት አምራቹ ከጻፈው ጋር ከተቀራረበ፣ የባትሪው እያንዳንዱ ሴል በመልቲሜትር ተለክቶ ከሌሎቹ ጋር ከተመጣጠነ «ሠርቶ የታየ» እንለዋለን፤ የፈተነው ተማሪ ስምና ቀኑም በላዩ ይጻፋል። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ያልተፈተነው ክምር ነው፤ በጀት ለሚጽፍ ሰውም ከሁሉ የሚያሠጋው እርሱ ነው፤ አለ ተብሎ አይገዛም፣ ሲፈለግ ደግሞ አይሠራም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ይህን ክምር ለማጥፋት ብታውሉት አዲስ ተማሪዎች ዕቃውን በእጃቸው እየነኩ ይማራሉ፤ እኔ እስካሁን ከዚህ የተሻለ የመግቢያ ትምህርት አላገኘሁም።

የሞተው ክምር የራሱ ተንኮል አለው። መሽቶበትና ደክሞት የተቃጠለውን ቦርድ ነቅሎ አዲሱን የሚገጥም ተማሪ፣ አሮጌውን የሚያስቀምጠው አዲሱን ባወጣበት ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ክፍት ነው፣ በአጠገቡ ነው፣ ልኩም ነው። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ተማሪ ያንኑ ቦርድ አዲስ መስሎት አውጥቶ ይገጥመዋል፤ ሮቦቱ አልንቀሳቀስ ሲለውም ምሽቱን ሙሉ ፕሮግራሙ ውስጥ ስሕተት ሲፈልግ ያመሻል። ለዚህ ያወጣነው ደንብ ቀላል ነው፤ የሞተ ዕቃ ከእጅ ሳይወጣ ሽቦው ይቆረጣል፣ ሽቦ የሌለው ከሆነ ቀይ ፕላስተር ይለጠፍበታል። ደንቡን የጣሰ ተማሪ አይቀጣም፤ የሞተውን ክምር ለአንድ ሳምንት እንዲያስተዳድር ይደረጋል፤ እርሱም ቅጣት ነው የሚሉ አሉ።

የንብረት ሠራተኞች ዕቃን ቋሚና አላቂ ብለው ይከፍላሉ። መሰርሰሪያው፣ መልቲሜትሩ፣ የስታኞ መበየጃው፣ ፕላስቲክ እያቀለጠ ዕቃ የሚያትመው ስሪዲ ፕሪንተር ቋሚ ናቸው፤ ብሎኑ፣ ስታኞውና የፕሪንተሩ ፊላመንት፣ ማለትም የፕላስቲክ ክሩ፣ አላቂ ናቸው። ለእኛ ሥራ ግን ይህ ክፍፍል መሀል ላይ ክፍተት አለው። ባትሪ፣ ሰርቮ፣ ጎማና ቺንጋ በአንድ ቀን አያልቁም፣ ለዘለቄታውም አይቆዩም፤ እያረጁ ይሄዳሉ። እነዚህን «የሚያረጁ» ብለን ለብቻቸው እንመዘግባቸዋለን፤ ከብዛታቸው ይልቅ የተገዙበትን ቀን እንከታተላለን፤ በየዓመቱም የተወሰነውን ያህል እንተካለን። ሁሉንም በአንድ ዓመት የገዛ ቡድን ሁሉም በአንድ ዓመት ያረጁበታል፤ በጀቱም አንዱ ዓመት ሲያብጥ ሌላው ሲኮማተር ይኖራል። ቋሚውንም ለይቶ መጻፍ ለጀማሪ ቡድን ትልቅ ጥቅም አለው። መሣሪያ የሌለው ቡድን የመጀመሪያ ዓመት ወጪው ከፍተኛ ነው፤ መሣሪያውና የሮቦቱ ዕቃ በአንድ ድምር ከተጻፉ ገንዘብ ሰጪው በሁለተኛው ዓመትም ያንኑ ያህል የሚጠየቅ ይመስለዋል።

በዚህ ምድብ ውስጥ ስለ ባትሪ ጥቂት ልዘግይ። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል፤ ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ሙሉም ባዶም ሊሆን አይገባውም፤ በሴል ወደ 3.8 ቮልት ገደማ ተደርጎ ነው የሚቀመጠው። በእርሳስና በአሲድ የሚሠራው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ጠባዩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ባዶውን ከተቀመጠ በሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት እየጠነከረ አቅሙን ይበላዋል፤ ስለዚህ ተሞልቶ፣ በየጊዜውም እየታየ መቀመጥ አለበት። ሁለቱንም ዓይነት የያዘ ቡድን የአንዱን ደንብ በሌላው ላይ ሲሠራ ሁለቱንም ያጣል። ባትሪ በብዛት የሚሞተው በዕረፍት ወራት፣ ማንም ሳያየው ነው። እያንዳንዱ ባትሪ ቁጥርና ካርድ ይኑረው፤ የተገዛበት ቀን፣ የተሞላበት ጊዜ ብዛትና ከዕረፍት በፊትና በኋላ የተለካው ቮልት ይጻፍበት። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ በቆጠራ ላይ ከተገኘ «እስቲ አንድ ጊዜ እንሞክረው» አይባልም፤ ለበጀት ሲባል እሳት አይጠራም።

ከቆጠራው ቀጥሎ የዕቃ ዝርዝር ይመጣል። ዝርዝሩን የምናደራጀው ሻጩ ባወጣው ካታሎግ ሳይሆን በሮቦቱ ክፍሎች ነው፤ መንቀሳቀሻው፣ ክንዱ፣ መያዣው፣ ኤሌክትሮኒክሱ እያልን። እያንዳንዱ ረድፍ የዕቃውን ስምና ልክ፣ ሮቦቱ ላይ የሚገባውን ብዛት፣ የመለዋወጫውን ብዛት፣ በእጃችን ሠርቶ የታየውን ብዛት፣ በዚህ መሠረት የሚገዛውን ልዩነት፣ ከታዘዘ በኋላ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ፣ ዋጋውንና ክብደቱን ይይዛል። ክብደት በገንዘብ ሠንጠረዥ ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረተው፣ የተማሪዎች የሮቦት ውድድር የሚያዘጋጀው ፈርስት የተባለው ድርጅት የመጀመሪያ ውድድሩን ያካሄደው በ1992 ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ተወዳዳሪ ቡድኖች የሮቦታቸውን የዕቃ ዝርዝር ከነዋጋው ለፍተሻ ይዘው እንዲቀርቡ ይጠይቅ ነበር፤ በዚሁ ውድድር በ2024 ሮቦቱ ባትሪውና መከላከያው ሳይቆጠሩ ከ125 ፓውንድ፣ ማለትም ከ57 ኪሎ ግራም ገደማ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። የክብደት ጣሪያ ባለበት ሥራ ላይ ዋጋንና ክብደትን በሁለት ወረቀት መያዝ ለሁለት ጌታ መገዛት ነው፤ አንድ ሳህን ከአልሙኒየም ፖሊካርቦኔት ወደ ተባለው ፕላስቲክ ቢለወጥ ክብደቱ ስንት እንደሚቀንስና ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ በአንድ ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ሲታይ ውሳኔው ክርክር አያስነሣም።

የዕቃው ስብስብ ከአዘጋጁ የሚመጣበት ውድድርም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚካሄደው የፈርስት ግሎባል ውድድር ለየአገሩ ቡድን ተመሳሳይ ስብስብ ይልካል። እንዲህ ባለ ውድድር ገንዘብ ያለው ቡድን ተጨማሪ ሞተር ገዝቶ ሊበልጥ አይችልም፤ ስለዚህ የዕቃ አያያዝ ራሱ የውድድሩ አካል ይሆናል። ለምሳሌ አንድ ረጅም የአልሙኒየም ዘንግ በችኮላ ሁለት ቦታ ከተቆረጠ ተመልሶ አይቀጠልም። ስለዚህ ከቆራጩ በፊት የካርቶን ሞዴል ይቀድም ዘንድ አጥብቄ እመክራለሁ። ክንዱን በካርቶንና በእንጨት ሠርቶ፣ በእጅ እያንቀሳቀሱ፣ የትኛው መገጣጠሚያ እንደሚጋጭ አይቶ ከዚያ ወደ ብረቱ መሄድ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ የትኛውም ሻጭ ከሚሰጠው ቅናሽ የበለጠ ገንዘብ ያድናል። ተማሪዎች ካርቶንን ይንቃሉ፤ የልጅ ሥራ ይመስላቸዋል። ሦስተኛው የተበላሸ የአልሙኒየም ቁራጭ ከተጣለ በኋላ ግን አስተያየታቸው ይለወጣል።

አሁን ወደ ብሎኑ እንምጣ። ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ የሚገኘው ዓይነትን በማሳነስ ነው ብዬ አምናለሁ። ሮቦቱ ላይ ያለው ብሎን ሁሉ በተቻለ መጠን አንድ ውፍረት ይኑረው፤ ርዝመቱም ከሦስት አይብለጥ፤ የባትሪ መሰኪያው አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሞተሩም ኃይሉ እስከፈቀደ ድረስ አንድ ዓይነት ይሁን። ሁለት ዓይነት ሞተር ያለው ሮቦት ሁለት ዓይነት መለዋወጫ ይፈልጋል፤ አንድ ዓይነት ብቻ ያለው ግን በአንድ መለዋወጫ የትኛውንም ይተካል። በተለይ በስጦታ የሚመጣ ዕቃ በዚህ ረገድ ይፈትናል። በሚሊ ሜትር የሚለካው ኤም 5 ብሎን እና በኢንች የሚለካው ቁጥር 10-32 ብሎን በዓይን አይለዩም፤ የመጀመሪያው ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 4.83 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጥርሳቸው ርቀትም 0.8 እና 0.79 ሚሊ ሜትር በመሆኑ እጅግ ይቀራረባል። ቀጭኑ በወፍራሙ ዳዶ ውስጥ ሲገባ የያዘ ይመስላል፤ ሮቦቱ ሲንቀጠቀጥ ይለቃል። ወፍራሙ በቀጭኑ ቀዳዳ ሲገባ ጥቂት ዞሮ ይነክሳል፤ ኃይለኛ እጅ ካገኘም ጥርሱን ይበላዋል። አንድ ካርቶን ብሎን በስጦታ መጣልን ብለን ስንደሰት ቆይተን፣ ከነበረን ጋር ስለቀላቀልነው ሁለቱንም ለመለየት ሦስት ተማሪዎች አንድ ሙሉ ቀን ካሊፐር በተባለው የውፍረት መለኪያ ሲለኩ ውለዋል። ከዚያ ወዲህ ልኩ ያልታወቀ ስጦታ ወደ መደርደሪያ አይወጣም።

ብሎንን አንድ በአንድ መቁጠር ግን ሞኝነት ነው። ለእንዲህ ያለ ጥቃቅን ዕቃ ሁለት ሣጥን ይበቃል፤ ከፊተኛው ሣጥን እየተወሰደ ሲያልቅ የኋለኛው ወደ ፊት ይመጣል፣ ባዶው ሣጥንም ራሱ የግዢ ጥያቄ ሆኖ በግዢ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ወረቀት አያስፈልግም። ፊላመንት ደግሞ በሚዛን ይቆጠራል። 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውፍረቱ 1.75 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒኤልኤ የተባለ የፕላስቲክ ፊላመንት ጥቅል 330 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ነገር ግን ርዝመቱን የሚለካ የለም፤ የባዶውን መጠቅለያ ክብደት አስቀድሞ መዝግቦ፣ ጥቅሉን መዝኖ መቀነስ ብቻ ነው። የማተሚያው ሶፍትዌር ሥራው ስንት ግራም እንደሚፈጅ አስቀድሞ ስለሚናገር፣ ተማሪው ማተም ከመጀመሩ በፊት የቀረው ይበቃ እንደሆነ ያውቃል። ለከሸፈ ኅትመት የሚሆን ትርፍ መያዝን አትርሱ፤ የማይከሽፍበት ቡድን አላየሁም።

ስለ መለዋወጫ ብዛት ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። መልሴ ሁለት ጥያቄ ነው። ይህ ዕቃ ቢሰበር ሮቦቱ ይቆማል ወይስ እያነከሰ ይሄዳል? ሌላውስ እስኪመጣ ስንት ቀን ይፈጃል? ሮቦቱን የሚያቆምና ለመምጣት ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ዕቃ፣ ዋጋው ቢከብድም መለዋወጫ ይያዝለታል፤ ዋናው ቦርድ ከዚህ ወገን ነው። ሮቦቱን የማያቆምና በማግስቱ የሚገኝ ዕቃ መለዋወጫ ባይኖረውም አይጎዳም። ልምድ የሌለው ቡድን የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ርካሹን ሴንሰር አሥር ይገዛና ውዱን ቦርድ አንድ ብቻ ይይዛል። አሥሩ ሴንሰር ግን አንዱን ቦርድ አይተካም።

ስለ ጊዜ ስናነሣ፣ በጀትና የቀን መቁጠሪያ አንድ ወረቀት ላይ መሆን አለባቸው። ከውድድሩ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠርን ሮቦቱ መቼ ተጠናቅቆ ልምምድ እንደሚጀመር፣ ለዚያም ዕቃው መቼ መድረስ፣ ለመድረስም መቼ መታዘዝ፣ ለመታዘዝም ገንዘቡ መቼ መለቀቅ እንዳለበት እንጽፋለን። ብዙ ጊዜ የምናየው ውጤት አስደንጋጭ ነው፤ ገንዘቡ የሚለቀቅበት ቀን ዕቃው ሊታዘዝ ከሚገባው ቀን በኋላ ይውላል። ይህ በመጀመሪያው ወር ከታወቀ ከገንዘብ ሰጪው ጋር መነጋገር ይቻላል፤ በአራተኛው ወር ከታወቀ ግን ለፈጣን ማጓጓዣ ከመክፈል ሌላ መውጫ የለም። ባትሪ በተለይ አስቀድሞ ይታዘዝ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ለብቻቸው የታሸጉ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች በመንገደኞች አውሮፕላን በጭነት እንዳይሄዱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላን ሲሄዱም መሞላት የሚችሉት እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በሳምንት ቢደርስ ባትሪው በዚያው ሳምንት ይደርሳል ብሎ ማቀድ አያዋጣም። ቡድኑ ራሱ ለውድድር በአውሮፕላን የሚጓዝ ከሆነ መጠባበቂያ የሊቲየም ባትሪዎች ጫፋቸው ተሸፍኖ በእጅ ሻንጣ መያዝ አለባቸው፤ አንዱ ባትሪ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ከ100 ዋት ሰዓት እንዳይበልጥም ይጠየቃል። ስሌቱ ቮልቱን በአምፔር ሰዓት ማባዛት ነው፤ 11.1 ቮልትና 2.2 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 24.4 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ያለ ችግር ያልፋል።

ትእዛዝን ማሰባሰብም የገንዘብ ጉዳይ ነው። የማጓጓዣ ክፍያ ለትንሽ ጥቅልም ለመካከለኛም ብዙ ስለማይለያይ፣ አምስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ የሚያዝ ቡድን ከዕቃው ይልቅ ለማጓጓዣው ሊከፍል ይችላል። እኛ ዓመቱን በሦስት የትእዛዝ ቀን እንከፍለዋለን። የመጀመሪያው ለሙከራ የሚሆነውን፣ ሁለተኛው ንድፉ ከጸደቀ በኋላ የሮቦቱን አካል፣ ሦስተኛው መለዋወጫውን ይይዛል። ከእነዚህ ቀናት ውጪ የሚመጣ ጥያቄ የቡድኑን መሪ ፊርማ ይጠይቃል፤ ፊርማው ራሱ ብዙ ጥያቄዎችን ያስተወ ነገር ነው።

ወደ ገንዘቡ ሠንጠረዥ ስንመጣ፣ ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው የታዘዘውንና ያልተከፈለውን የሚመለከት ዓምድ ነው። በጀታችን 100 ቢሆን፣ 40 ከፍለን፣ 35 የሚያወጣ ዕቃ አዝዘን ደረሰኙን እየጠበቅን ከሆነ፣ የቀረን 60 ሳይሆን 25 ነው። ብዙ ቡድኖች የሚመለከቱት የባንክ ሒሳባቸውን ነው፤ ባንኩም 60 አለ ይላቸዋል፤ በዚያ ተማምነው ሌላ 30 ያዝዛሉ። ባንኩ አልዋሸም፤ ስለ ትእዛዛችን የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ዕቃ በታዘዘበት ቀን በሠንጠረዡ ላይ ይቀነሳል፤ ሲከፈል ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ እንደ አዲስ ወጪ አይቆጠርም። ገንዘቡ በአንድ አገር ገንዘብ ተሰጥቶ ዕቃው በሌላ አገር ገንዘብ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ምንዛሪው በታዘዘበትና በተከፈለበት ቀን መካከል ሊለያይ ስለሚችል፣ የታዘዘውን ጥቂት ከፍ አድርጎ መያዝ ይገባል።

መጠባበቂያን በሚመለከት እኔ ከጠቅላላው ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል እይዛለሁ፤ ጀማሪ ቡድን ከሆነ ከዚያም ከፍ አደርጋለሁ። ይህ ደንብ አይደለም፤ ተሳስቼ የተማርሁት ልክ ነው። ከመጠኑ ይልቅ ማን እንደሚከፍተው መወሰን ይበልጣል። ማንም እንደፈለገ የሚወስድበት መጠባበቂያ በሁለተኛው ወር ተጨማሪ የመብራት ጌጥ ይሆናል። በሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በግንባታው ጊዜ በቡድኑ መሪ ፈቃድ፣ ግማሹን ከመጀመሪያው የውድድር ዙር በኋላ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ጥሩ ውጤት ሰጥቶናል፤ ሮቦቱ ከባድ ጉዳት የሚደርስበት ሌሎች ሮቦቶችን ሲገጥም ነውና።

ጥሬ ገንዘብ በቅድሚያ የሚወስድ ተማሪም መምህርም የወሰደውን በተወሰነ ቀን ማወራረድ አለበት። ደረሰኙ በተገዛበት ቀን ፎቶ ይነሣ፤ ከኪስ ወደ ኪስ የሚዘዋወር ደረሰኝ ቀለሙ ይለቅቃል። ገንዘቡን የሚይዘውና መዝገቡን የሚጽፈው ሁለት ሰው ይሁኑ። ይህ ጥርጣሬ አይደለም፤ ገንዘብ ያዡን ከሐሜት የሚጠብቀው ሁለተኛው እጅ ነው። በዓይነት የመጣ ድጋፍም ዋጋው ተገምቶ በገቢ በኩል ይጻፍ፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ዓመት ለጋሹ ባይሰጥ ምን ያህል ጉድለት እንደሚደርስ አይታወቅም። በነጻ የመጣ ዕቃ ደግሞ ሁልጊዜ ነጻ አይደለም፤ በስጦታ የተገኘ አሮጌ ፕሪንተር አፍንጫና ቺንጋ እያለ በጀቱን ሲበላ አይቻለሁ።

ርካሽ ዕቃ መግዛት መቼ ይጎዳል? ኤል 298 ኤን የሚባለው የሞተር መቆጣጠሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በየትምህርት ቤቱ የሚገኝ፣ ዋጋው ቀላል፣ ለመማሪያ ተስማሚ ነው። ነገር ግን በራሱ ውስጥ 2 ቮልት ገደማ ያስቀራል፤ በአንድ መስመርም የሚሸከመው እስከ 2 አምፔር ነው። ባለ 7.4 ቮልት ባትሪ ቢሰጠው ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ከ5.5 ቮልት ያነሰ ይሆናል፤ ሞተሩ ግድግዳ ገፍቶ ቢቆም የሚስበው ከረንት ከ2 አምፔር ካለፈ ቦርዱ ይግላል። ለሙከራ ጋሪ በቂ ነው፤ ሌላ ሮቦት ለሚገፋ ሮቦት ግን ሦስቱን አቃጥሎ አራተኛውን ከመግዛት አስቀድሞ የሚችለውን መግዛት ይሻላል። ውሳኔው የሚወሰደው ከዋጋው ሳይሆን ሞተሩ ቆሞ ሲገፋ ከሚስበው ከረንት ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ አርዱዪኖ ኡኖ የተባለው የመቆጣጠሪያ ቦርድ በ5 ቮልት ምልክት ሲሠራ፣ ራስበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ፒኖቹ፣ ማለትም ሽቦ የሚገናኝባቸው እግሮቹ፣ የሚችሉት 3.3 ቮልት ብቻ ነው፤ አንዱን ከሌላው ጋር በቀጥታ ያገናኘ ሽቦ የውዱን ቦርድ ፒን ሊያቃጥል ይችላል። በመካከላቸው የሚገባው የቮልት ማስተካከያ ጥቂት ነገር ነው። እንዲህ ያሉትን ትናንሽ መከላከያዎች፣ ፊውዝንም ጨምሮ፣ በበጀቱ ላይ «ኢንሹራንስ» በሚል አርእስት ለብቻቸው ብናስቀምጣቸው ቁጠባ ሲመጣ በመጀመሪያ አይሠረዙም።

ይህን ሁሉ ማን ይሥራው? መምህሩ ከሠራው ፈጣን ይሆናል፤ መምህሩ ሲዛወር ግን ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ሥራው የተማሪዎች መሆን አለበት፤ ንብረት ያዥ፣ ግዢ ኃላፊና ሒሳብ ያዥ ሦስት ተማሪዎች ይሁኑ፤ ከሥራቸው አንድ አንድ የታችኛ ክፍል ተማሪ ይመደብ። በቡድኖች ውስጥ ንብረት ያዥነት ፕሮግራም መጻፍ ላልቻለ ተማሪ የሚሰጥ ተራ ሥራ ተደርጎ ሲታይ ያሳዝነኛል። የትኛው ሞተር ሠርቶ እንደታየ፣ የትኛው ባትሪ እንደደከመ፣ የትኛው ብሎን ሊያልቅ እንደሆነ የሚያውቅ ተማሪ በንድፍ ስብሰባ ላይ የመጀመሪያውን ወንበር ሊይዝ ይገባዋል፤ ክንዱ በዚህ ሞተር ይሠራ ወይስ በዚያ ተብሎ ሲከራከሩ የመጀመሪያው መልስ ያለው እርሱ ጋ ነውና።

በዓመቱ መጨረሻ ሮቦቱ ይፈታል ወይስ ለማሳያ ይቀመጣል የሚለው ክርክር በየቡድኑ ይነሣል። እኔ ከሚፈቱት ወገን ነኝ፤ ተማሪዎቹ ግን ሊያለቅሱ ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ሻሲውን ትተን ሞተሩን፣ ቦርዱንና ባትሪውን እናወጣለን። ከዚያ ሙሉ ቆጠራ ይደረጋል፤ ሦስቱ ክምሮች እንደገና ይለያሉ፤ ተረካቢዎቹ ራሳቸው እየፈተኑ ይፈርማሉ። ከርክክቡ ሰነድ ጋር አንድ ተጨማሪ ገጽ እናያይዛለን። በዚያ ገጽ ላይ በዓመቱ ተገዝቶ ያልተጠቀምንበት ዕቃ ሁሉ፣ ማን እንዲገዛ እንደጠየቀ ሳይጻፍ፣ ለምን እንደተገዛና ለምን እንዳልገባ በአንድ በአንድ መስመር ይሰፍራል። ባለፈው ርክክብ ገጹ አሥራ አንድ መስመር ነበረው፤ አዲሷ ሒሳብ ያዥም የራሷን በጀት ከመጻፏ በፊት ገጹን ይዛ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች፣ ከአሥራ አንዱ ውስጥ አራቱን ለሚመጣው ሮቦት የሚሆኑ ሆነው ስላገኘቻቸው ከግዢ ዝርዝሯ ሠረዘቻቸው።